ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመር ምንድን ነው? የጎጃም አንባቢዎች የኢንተርኔት ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሞጣ አካባቢና ከቡሬ የደረሱን ደብዳቤዎች የተለያየ ችግር ያንሡ እንጂ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ወደ ቤትና ወደ ሥራ ቦታ የሚያስገባው ነገር ምንድን ነው? ሰው የሚከፍልበትን ነገር በውል ሳያውቅ ሲፈርምና በኋላ ሲማረር በተደጋጋሚ ስለማይ፣ የዚህን ዕትም ዓምድ ሙሉውን ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስል አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ልጄ ቪዲዮ የምታይበትም፣ እኔ የተማሪዎቼን ውጤት የምልክበትም ኢንተርኔት ነው ይባላል። ለመሆኑ ወደ ማርቆስ የሚመጣው በምን በኩል ነው? ከሳተላይት ነው የሚሉኝ ሰዎች አሉ።» (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ከሳተላይት አይደለም፤ በምድርና በባሕር ውስጥ በተዘረጋ የመስታወት ክር ነው። አገሮችን የሚያገናኘው የመረጃ ፍሰት አብዛኛው የሚጓዘው በባሕር ወለል ላይ በተኙ የፋይበር ኬብሎች ነው። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት እነዚህ ኬብሎች በጎረቤቶቻችን ጠረፍ፣ በተለይም በጂቡቲና በኬንያ፣ ከወጡ በኋላ በየብስ በተዘረጋ ፋይበር እስከ አዲስ አበባ ይደርሳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው የአገር ውስጥ ዋና መስመር ነው። ይህ መስመር እንደየቦታው በመንገድ ዳር ይቀበራል፣ በምሰሶ ይሰቀላል፣ ወይም በከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ ማማዎች አናት ላይ ከመብረቅ በሚከላከለው ሽቦ ውስጥ ታሽጎ ይሄዳል። ብርሃን በመስታወት ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ደብረ ማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ ለመድረስ ሁለት ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሁለት ሺኛ) እንኳ አይፈጅበትም። ስለዚህ ገጽ አልከፈት ሲልዎ ጥፋቱ የርቀቱ አይደለም።

መራዊ አጠገብ ያለውን የቆጋ መስኖ የሚያውቅ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይረዳዋል። ከግድቡ የሚወጣ ዋና ቦይ አለ፤ ከዋናው የሚከፈሉ መጋቢ ቦዮች አሉ፤ በመጨረሻ ወደ እያንዳንዱ ማሳ የምትገባ ትንሽ ቦይ አለች። ዋናው ቦይ ሞልቶ ሳለ የማሳዋ ቦይ በደለል ከተደፈነች ገበሬው ውሃ አያገኝም። የእርሱ ቦይ ንጹሕ ሆና ሳለ ደግሞ ጎረቤቶቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ከከፈቱ ውሃው ለሁሉም ያንሳል። በኢንተርኔትም የምናማርርባቸው ችግሮች በአብዛኛው ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ይወድቃሉ። ቀኑን ሙሉ ዘገምተኛ ከሆነ ወደ ቤትዎ የሚገባውን መስመር ይጠርጥሩ፤ ጠዋት ፈጥኖ ማታ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት የሚጎተት ከሆነ ግን ችግሩ የጋራው መስመር መጨናነቅ ነው። ለሁለተኛው ሞደም መቀየር አይረዳም።

አገልግሎት ሰጪው መስመር ከመዘርጋት ሌላም ሥራ አለው። ለመሣሪያዎ የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር፣ ይሰጣል፣ የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ ይተረጉማል፣ ጥያቄዎ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድም ይወስናል። ብዙ ተመልካች ያላቸው የዓለም አቀፍ የቪዲዮ ኩባንያዎች በየአገሩ አገልግሎት ሰጪዎች ማዕከል ውስጥ ቅጂ የሚይዙ ማሽኖችን ስለሚያስቀምጡ፣ ልጅዎ የምታየው ቪዲዮ ባሕር ሳይሻገር ከቅርብ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። እርስዎ ውጤት የሚልኩበት ትንሽ ድረ ገጽ ዘግይቶ የእርሷ ቪዲዮ ያለ ችግር ሲፈስ ካዩ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥያቄ፦ «መድኃኒት ቤት አለኝ። የቆየ የስልክ መስመር ስላለኝ ኢንተርኔቱን በእርሱ ነው የምጠቀመው፤ ዝናብ ሲዘንብ ይቆራረጣል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ፋይበር አስገብቷል። እኔም ብጠይቅ በአቅራቢያዬ ያለው ሣጥን ሞልቷል፣ ተራ ጠብቂ ተባልኩ። አንድ ወጣት ደግሞ በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ግዢና ተገላገይ ይለኛል። የትኛውን ልያዝ?» (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎት፤ ሦስቱን የመግቢያ መንገዶች ለይቶ ያወቀ ሰው ሻጭ አያደናግረውምና።

አሁን የያዙት የመዳብ መስመር ነው። ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ለድምፅ ስልክ ብለው ከተዘረጉ በኋላ ኤዲኤስኤል በተባለው ዘዴ ኢንተርኔት ተጫነባቸው፤ ስልክዎና ሞደምዎ የሚለያዩባት ትንሿ ፊልተርም የምታስፈልገው ለዚህ ነው። የመዳብ ትልቁ ድክመት ርቀት ነው። ከጣቢያው፣ ማለትም የአካባቢው መስመሮች ከሚነሡበት የድርጅቱ ማዕከል፣ አጠገብ ላለ ቤት የተሻሻለው ኤዲኤስኤል እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ማድረስ ሲችል፣ አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የሽቦ ርቀት ላይ ላለ ቤት የሚቀረው ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ነው። ርቀቱ የሚለካው ሽቦው ተጠማዝዞ በሚሄድበት መንገድ ስለሆነ፣ ጣቢያው በዓይንዎ እየታየዎት መስመርዎ ረጅም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ድክመት እርጥበት ነው። በምሰሶው ላይ ወይም በግድግዳው ሣጥን ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ሲዝግና ውሃ ሲገባው መስመሩ ይረበሻል። በዝናብ ጊዜ የስልኩን እጀታ አንሥተው ያዳምጡ፤ ከመደወያው ድምፅ ጋር የሚንጫጫ ነገር ከሰሙ የኢንተርኔቱም መቆራረጥ ከዚያው መጋጠሚያ ነው። ለጥገና ሠራተኛው «ኢንተርኔቴ ደካማ ነው» ከማለት «ስልኩ ራሱ ይንጫጫል» ማለት ሥራውን ያቀልለታል።

ሁለተኛው መንገድ ፋይበር ነው። ከጣቢያው የሚነሣ አንድ የመስታወት ክር መንገድ ላይ ስፕሊተር በሚባል ማከፋፈያ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች ይከፈላል። ማከፋፈያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ብርሃኑን ከፋፍሎ ማሳለፍ ብቻ ነው ሥራው። ለቤትና ለአነስተኛ ንግድ በስፋት የሚሠራበት ጂፖን የተባለው ሥርዓት ለእነዚህ ደንበኞች በጋራ ወደ ታች (ወደ ደንበኞቹ) 2.5 ጊጋቢት፣ ወደ ላይ (ከደንበኞቹ) ደግሞ 1.25 ጊጋቢት ያህል በሰከንድ ይሸከማል፤ አንድ ጊጋቢት 1,000 ሜጋቢት ነው፤ ከጣቢያው እስከ 20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላለ ቤትም ይሠራል። ፍኖተ ሰላምን ከዳር እስከ ዳር ለመሸፈን ከበቂ በላይ ነው ማለት ነው። መስታወት አይዝግም፣ የመብረቅ ጅረትም አይስብም። «ሣጥኑ ሞልቷል» ሲባሉ የተነገረዎት በአቅራቢያዎ ያለው ማከፋፈያ ክፍት መውጫ የለውም ማለት ነው፤ ሌላ ማከፋፈያ ሲጨመር ይከፈታል። ስለዚህ ጥያቄዎን በቃል ብቻ አይተዉት፤ በጽሑፍ አስመዝግበው የተመዘገበበትን ቁጥር ይያዙ። ከጎረቤቶችዎ ሦስትና አራት ሆናችሁ ብትጠይቁ ደግሞ ማስፋፊያውን ማቀድ ለድርጅቱም ይቀልለዋል።

ፋይበሩ በገባ ቀን ሠራተኛው ሲያገጣጥም አጠገቡ ይቁሙ። ከምሰሶው የሚመጣው ቀጭን ጥቁር ኬብል በማዕዘን ላይ በስለት መታጠፍ የለበትም፤ የታጠፈ መስታወት ሳይሰበርም ብርሃን ያባክናል። አረንጓዴዋን የጫፍ መሰኪያ በጣት አይንኳት፤ ቅባትና አቧራ ሊያበላሻት ይበቃል። ጫፉን ወደ ዓይንዎ አያቅርቡ፤ በውስጡ የሚያልፈው ጨረር ባይታይም ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ሠራተኛው የብርሃን መለኪያውን ሲሰካ ቁጥሩን ይጠይቁት። በተለመደው ዓይነት መስመር ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የብርሃኑ ኃይል መለኪያ) ያለው ይሠራል፤ -20 አካባቢ ከሆነ ደኅና ነው፣ -26 እና -27 ከሆነ ግን ዛሬ ቢሠራም ነገ በትንሽ ምክንያት ይቋረጣልና መጋጠሚያው እንደገና እንዲሠራ በትሕትና ይጠይቁ። ቁጥሩን በሞደሙ ጀርባ በእስክሪብቶ ይጻፉት፤ ወደፊት ብልሽት ሲመጣ ማነጻጸሪያ ይሆንዎታል።

ሦስተኛው ወጣቱ ያቀረበልዎት የሲም ራውተር ነው። ከሞባይል ማማ በሬዲዮ ሞገድ ተቀብሎ በዋይፋይ ያከፋፍላል። ሽቦ መጠበቅ የለም፣ በዕለቱ ይሠራል፤ ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በይፋ ሥራ የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሞባይል ኢንተርኔት ስለሚሰጡ አማራጭም አለ። ነገር ግን የማማውን አቅም በአካባቢው ካለው ስልክ ሁሉ ጋር ነው የሚካፈሉት፤ የገበያ ቀን ከተማው ሲሞላ ይህን በደንብ ያዩታል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ወረፋውን ይዘው ፋይበሩን ይጠብቁ፤ መዳቡን በፍጥነት ለማሻሻል ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡበት። እስከዚያው የሲም ራውተሩን ይያዙ፤ ፋይበሩ ከገባም በኋላ አይጣሉት። መድኃኒት ቤት የሚያስፈልገው ትልቅ ፍጥነት ሳይሆን አለመቋረጥ ነው። ደንበኛ በቴሌብር ከፍሎ ማረጋገጫው ሳይመጣ ሲቀር መድኃኒት ፈላጊውን ቆሞ ማስጠበቅ የሚያስከትለውን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በተለያየ መንገድ የሚመጡ ሁለት ትናንሽ መስመሮች ከአንድ ትልቅ መስመር ይሻሉዎታል።

ጥያቄ፦ «የ8 ሜጋ ጥቅል ገዝተን ፋይል ሲወርድ 1 ሜጋ ብቻ ያሳያል። ተታለልን ወይ?» (ተማሪ፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ አልተታለላችሁም። ጥቅሉ የሚሸጠው በሜጋቢት፣ ፋይሉ የሚለካው በሜጋባይት ነው፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና 8 ሜጋቢት በሰከንድ 1 ሜጋባይት በሰከንድ ይሆናል። ከ0.7 ሜጋባይት በታች ሲወርድ ግን፣ በተለይ ጠዋት ማንም ሌላ ሰው ሳይጠቀም፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። እንግዶች ዋይፋዩ አይሠራም እያሉ ስላስቸገሩኝ ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ከፍ አስደረግሁ፤ ለውጥ የለም። በተጨማሪም የበር ካሜራዬን አዲስ አበባ ሆኜ በቀጥታ ላየው ብሞክር አልሆነልኝም።» (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኢንተርኔትና ዋይፋይ አንድ አይደሉም። ኢንተርኔቱ እስከ ሞደሙ ያለው መስመር ነው፤ ዋይፋይ ከሞደሙ እስከ እንግዳው ስልክ ያለው የቤት ውስጥ ሬዲዮ ነው። የመጀመሪያውን ለብቻው ለመፈተን ኮምፒውተር በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝተው ዋይፋዩን ዘግተው ፍጥነቱን ይለኩ። ውጤቱ ከገዙት ጥቅል ጋር ከተቀራረበ አገልግሎት ሰጪው የሚጠበቅበትን አድርሷል፤ የጥቅል ማሳደጊያ ገንዘብዎም የባከነው ሌላ ቦታ ባለ ችግር ምክንያት ነው።

ችግሩ ምናልባት ግድግዳው ነው። በ2.4 ጊጋሄርዝ የሚሠራው ዋይፋይ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚጠቀምበት ይጨናነቃል፤ የ5 ጊጋሄርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ወፍራም የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ይይዘዋል። ቆርቆሮና በብረት የተሞላ ኮንክሪት ሁለቱንም ያግዳሉ። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ሥር ካለ አንድ ሞደም ለሦስተኛ ፎቅ ክፍል መጠበቅ አይሆንም። በየፎቁ ኮሪደር አንድ የዋይፋይ ማሰራጫ ያስቀምጡና እያንዳንዱን ከሞደሙ ጋር በኔትወርክ ኬብል ያገናኙት። ያለ ኬብል ሞገዱን ብቻ ተቀብሎ የሚደግመውን ርካሽ መሣሪያ አልመክርዎትም፤ አብዛኛው ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሰዋል። የእንግዶቹንና የሒሳብ ክፍሉን ዋይፋይ በተለያየ ስምና የይለፍ ቃል መለየትም ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንግዳ የገባበት መረብ ላይ የደንበኞች መዝገብ ሊኖር አይገባም።

ስለ ካሜራው፦ በስፋት የሚሠራበት የአይፒ አድራሻ ሥርዓት በዓለም ሊሰጥ የሚችለው 4.3 ቢሊዮን ያህል አድራሻ ብቻ ስለሆነ፣ አገልግሎት ሰጪዎች አንድን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። ከቤት ወደ ውጭ ሲወጡ ይህ አያስቸግርም፤ ከውጭ ሆኖ የእርስዎን ካሜራ ለመጥራት ግን የራስዎ የሆነ አድራሻ የለም። ለድርጅት ደንበኞች ቋሚ አይፒ በክፍያ ይሰጣል። ለአንድ የበር ካሜራ ግን በአምራቹ ማዕከል በኩል የሚያሳየውን የስልክ መተግበሪያ መጠቀም ይበቃዎታል፤ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን መቀየርዎን አይርሱ። ቋሚ አይፒና ከሌላ ጋር የማይጋሩት ልዩ መስመር የሚያስፈልገው ቅርንጫፍ ላለው ባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለዩኒቨርሲቲ ነው።

ጥያቄ፦ «የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ከሞጣ ወጣ ብሎ ከኮረብታ ሥር ነው። በጽሕፈት ቤቱ ኔትወርክ የለም፤ አቀበቱን ስንወጣ ይገኛል። ኬብል እስኪመጣ ምን እናድርግ?» (የማኅበሩ ጸሐፊ)

መልስ፦ በጮቄ ተዳፋት ለሚኖሩ ብዙዎች ይህ የዕለት ኑሮ ነውና ጥያቄዎ ከልብ ገብቶኛል። የሬዲዮ ሞገድ ኮረብታን ሰንጥቆ አያልፍም፤ እናንተ ያላችሁት በኮረብታው ጥላ ውስጥ ነው። አቀበቱ ላይ ከተገኘ ማማው ከዚያ ይታያል ማለት ነውና መፍትሔው ቅርብ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ የውጭ አንቴና የሚሰካበት የሲም ራውተር ገዝታችሁ አንቴናውን ከጣራው በላይ በረጅም ምሰሶ ወደ ማማው አቅጣጫ አዙሩት። በራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ የሚል የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ -80 በጣም ጥሩ ነው፣ -110 ደካማ ነው። አንዱ ቁጥሩን እያነበበ ሌላው አንቴናውን ጥቂት በጥቂት ቢያዞር፣ ከስልክ ላይ ካሉት የሲግናል መስመሮች የበለጠ እውነቱን የሚነግራችሁ ይህ ነው። አንቴናውን ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ አታስረዝሙት፤ ያገኛችሁትን ሞገድ ራሱ ይበላዋል።

ይህም ካልሆነ መቀበያውን አቀበቱ ላይ በትንሽ የፀሐይ ኃይል አቁሞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በሌላ የዋይፋይ ድልድይ ማውረድ ይቻላል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በመካከል ዛፍ ሳይከልላቸው መተያየት አለባቸው፤ ጠባቂና አጥርም ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ለእንዲህ ያለው መሣሪያ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ጠይቁ።

ሳተላይት የመጨረሻው አማራጭ ነው። ቪሳት የተባለው የቆየው የሳተላይት ኢንተርኔት የሚጠቀምበት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለኢሜይልና ለገበያ ዋጋ መጠየቂያ ይሆናል፤ ለድምፅ ንግግር ያስቸግራል፤ በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ደግሞ ሞገዱን ያዳክመዋል።

ጥያቄ፦ «አንዳንድ ጊዜ ከተማው በሙሉ ይቋረጣል። ለምን? እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን?» (ነጋዴ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ከተማው በሙሉ ሲቋረጥ አንዱ የተለመደ ምክንያት በመንገድ ወይም በውሃ ቧንቧ ቁፋሮ የዋናው ፋይበር መቆረጥ ነው። ከተማን ከሁለት አቅጣጫ በቀለበት ማገናኘት ፍሰቱ በሌላው በኩል እንዲዞር ያደርጋል፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚመጣ መስመር ያላት ከተማ ግን ጥገናውን ከመጠበቅ ሌላ ምርጫ የላትም። ጥገናው እንዲህ ነው፦ ባለሙያው ከጣቢያው የብርሃን ምት ወደ ክሩ ይልካል፤ ከተቆረጠበት ነጥብ ለመመለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ሜትሮች ያህል እስኪቀርብ ድረስ ያውቀዋል። ቦታው ደርሶ ኬብሉን ይከፍታል፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩትን ክሮች እያጸዳ ጫፍ ለጫፍ ያገጥማል፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታም አቅልጦ ያዋህዳቸዋል። ኬብሉ ውስጥ ብዙ ክሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል። ቁፋሮ የምታስቆፍሩ ወገኖች ከመጀመራችሁ በፊት መስመሩ የት እንደሚያልፍ ብትጠይቁ የከተማውን ሁሉ ቀን ታድናላችሁ።

ሌላው ምክንያት መብራት ነው። ፋይበሩ ራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ጣቢያውም ባትሪና ጄነሬተር ይኖረዋል፤ የእርስዎ ሞደም ግን ያለ መብራት ይሞታል። አብዛኞቹ የቤት ሞደሞች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ፣ የሞደምዎን ቮልትና አምፔር ከጀርባው አንብበው ከእርሱ ጋር የሚስማማ ትንሽ ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ቢገዙ መብራት ጠፍቶም ጥቂት ሰዓት መሥራት ይችላሉ።

አቤቱታ ከማቅረብዎ በፊት ሞደሙን ይመልከቱ። በፋይበር ሞደም ላይ «ፖን» የተባለችው መብራት በአረንጓዴ ጸንታ ስትበራ መስመሩ ከጣቢያው ጋር ተገናኝቷል፤ «ሎስ» የተባለችው በቀይ ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃን እየደረሰ አይደለምና ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጥቅም የለውም። የመብራቶቹን ፎቶ ያንሡ፣ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት ይመዝግቡ፣ ለአገልግሎት ሰጪው አስታውቀው የአቤቱታ ቁጥር ይቀበሉ። በቂ ምላሽ ሳያገኙ ከቀሩ ይህንኑ መዝገብ ይዘው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይችላሉ። ማመልከቻዎ «ኢንተርኔት አስቸገረኝ» ከሚል ይልቅ የትኛው መስመር፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ሞደሙ ምን እያሳየ እንደተቋረጠ የሚናገር ይሁን።